ወደ ሩዌንዞሪ ጫፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዛሬው በዓል ላይ አንድ ንግግር እንድናሰማ በታዘዝን ጊዜ፥ ከክፍላችን አንዳንዱ ስለ ሥልጣኔ፥ አንዳንዱም ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገር ብሎ ነበር። ስለ ትምህርት ጥቅም ግን እዚህ የተቀመጣችሁት ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ስለምታውቁ፥ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ለሁለት ተከፍለን ስለ ተከራከርንበት ስለ አንድ ተራራ ልንነግራችሁ ወሰንን። ተራራው ሩዌንዞሪ ይባላል። ክርክሩ የተነሣው «ተራራውን መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?» ከሚል ጥያቄ ነው። መልሱ በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ስም ብቻ ነው፤ እኛ ግን በአንድ ስም የሚያልቅ ሆኖ አላገኘነውም።

አስቀድመን ሁለት ነገር እናስታውቅ። አንደኛ፥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፥ እኛ ራሳችን ተራራውን አልወጣነውም፤ የምንነግራችሁ ከመጻሕፍትና ከካርታ የቀሰምነውን ነው። ነገር ግን በክረምት እንጦጦን የወጣ ሰው ስለ አቀበትና ስለ ጭቃ ሲነገረው ቶሎ ይገባዋልና፥ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙው ሰው ሳይሄድ የሄደ ያህል እንደሚሆን ተስፋ እናደርጋለን።

ሩዌንዞሪ በዩጋንዳና በዲሞክራቲክ ኮንጎ ወሰን ላይ፥ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ሰሜን፥ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ነው። ከፍተኛው ጫፉ ማርጌሪታ 5109 ሜትር ሲሆን፥ በአፍሪቃ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። እነዚያ ሁለቱ ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው። ሩዌንዞሪን ግን እሳት አልወለደውም። የስምጥ ሸለቆው ምድር በተሰነጠቀ ጊዜ፥ አንድ ትልቅ የጥንት ዐለት ከሁለት ስንጥቆች መካከል ሽቅብ ተገፍቶ የወጣ ነው። ስለዚህ እንደ ኪሊማንጃሮ ብቻውን ቆሞ ከሩቅ አይታይም። ስድስት ረዣዥም ተራሮች ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው በመካከላቸው ጥልቅ ሸለቆ ይዘው ቆመዋል፤ እግራቸውን ጥቅጥቅ ያለ ደን፥ ራሳቸውን ደመና ይሸፍነዋል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ደመና ነው። ከኮንጎ ደን የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲያገኝ ሽቅብ ይወጣና ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞም ዝናም ይሆናል። በተራራው ላይ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ስፍራ አለ፤ ይህም ከአዲስ አበባው እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ክረምቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ «በጋ» በሚሏቸው በታኅሣሥና በጥር፥ እንዲሁም በሰኔና በሐምሌ ግድም እንኳ ዝናም ፈጽሞ አይጠፋም። ጫፉ ለጥቂት ሰዓት ተገልጦ እንደገና ለብዙ ቀን ይሰወራል።

እንግዲህ ተመልከቱ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው በጥሊሞስ የዓባይ ምንጭ በረዶ ከለበሱት «የጨረቃ ተራሮች» ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ከ1700 ዓመት በኋላም አውሮፓውያን ይህንኑ ተራራ ይፈልጉ ነበር። ሳሙኤል ቤከር በ1864 በአልበርት ሐይቅ ዳር ቆሞ ሰማያዊ ተራሮችን በሩቅ አየ፤ በረዶ ግን አላየም። ኤሚን ፓሻ በዚያው ሐይቅ አካባቢ ለዓመታት ሲያስተዳድር ኖሮ ተራራውን አላየውም። ሄንሪ ስታንሊ ራሱ በ1876 ከሥሩ ሰፍሮ ሳለ የበረዶ ተራራ በአጠገቡ መኖሩን ሳያውቅ ተነሥቶ ሄደ። ይህን ስናነብ አንድ ጓደኛችን «ዝሆን አጠገብ ቆሞ ዝሆን የት አለ እንደ ማለት ነው» ቢል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ አምስት ሺህ ሜትር ተራራ በደመና ሊሰወር ይችላል።

በ1888 ስታንሊ ያንኑ ኤሚን ፓሻን ሊረዳ በኮንጎ ደን በኩል ወደ ሐይቁ ተመለሰ። ከመኰንኖቹ ሁለቱ የበረዶ ተራራ አየን ብለው በሚያዝያ ወር ነግረውት ነበር። ግንቦት 24 ቀን በመንገድ ላይ ሳለ አንድ ልጅ በጣቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አመለከተው፤ እዚያ ጨው የለበሰ ተራራ አለ ብሎ ነገረው። ስታንሊም ቀና ብሎ ሲመለከት፥ መጀመሪያ ብርማ ደመና የመሰለው ነገር ደመና ሳይሆን በበረዶ የተሸፈነ ተራራ መሆኑን ተረዳ። ይህን ራሱ በመጽሐፉ ጽፎታል።

ያ ልጅ ማን ነው? ስንት ዓመቱ ነበር? የአባቱስ ስም? በመጽሐፉ የለም። እኛ በክፍላችን ለሁለት የተከፈልነው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ «ያየ ሁሉ አገኘ አይባልም፤ አይቶ ጽፎ፥ ለዓለም ያሳወቀው ስታንሊ ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ «ልጁ ባያመለክተው ስታንሊ እንደ ገና ደመና ነው ብሎ ያልፈው ነበር» ሲል ተከራከረ። አሞሌ ያየ ሰው ልጁ በረዶውን ጨው ማለቱ ሊያስቀው አይገባም፤ በቆላ የተወለደ ልጅ ነጭና የሚያብረቀርቅ ነገር ከጨው በቀር ምን አይቶ ያውቃል? በአማርኛችንም ቢሆን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፥ የቀዘቀዘውን ውሃና ነጩን ብናኝ ሁሉ «በረዶ» ብለን እንጠራለን፤ አመዳይ የሚለውም ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ገበያ እምብዛም አይሄድም።

ከሁለቱም ወገን የረሳነው ሦስተኛ ወገን ነበር፤ እርሱም በተራራው ገደል ላይ የሚኖረው የባኮንጆ ሕዝብ ነው። ባኮንጆዎች ተራራውን ሩዌንዙሩሩ፥ የበረዶ አገር ብለው ይጠሩት ነበር። ስለዚህ ጨው አለመሆኑን እነርሱ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ኪታሳምባ የሚባል መንፈስ በነጩ በረዶ ላይ ይኖራል ብለውም ያምኑ ነበር። አዳኞቻቸው ሽኮኮ ሲያድኑ በላይኛው ሸለቆ ይመላለሱ ነበር፤ ከዝናም የሚያስጠልለው ዋሻ የት እንዳለ፥ ወንዙ በየት እንደሚሻገሩት ያውቁ ነበር። ከዚያ በላይ ወደ በረዶው ለመውጣት አልቸኮሉም፤ በእኛ አስተያየት ሽኮኮም እንጨትም ከሌለበት ስፍራ መውጣት ለአዳኝ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን መንገዱን እንጀምር። ዛሬ ከዩጋንዳ በኩል ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ አንዱ ከደቡብ ከኪሌምቤ የሚነሣ ሲሆን፥ እኛ የምንከተለው ኒያካሌንጊጃ ከተባለው መንደር ተነሥቶ የሙቡኩን ሸለቆ ይዞ የሚወጣውን የቆየውን ነው። ወጥቶ ለመመለስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ያለ መሪ መውጣት አይፈቀድም፤ መሪዎቹና ተሸካሚዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ባኮንጆዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን የዱር ቀን ነው። መንደሩ በ1600 ሜትር ግድም ነው፤ ከሙዝና ከቡና ማሳ በኋላ ደኑ ይጀምራል። ከዛፎቹ መካከል ዝግባን እናውቀዋለን። ከሥሩ ፈርንና ሳማ እስከ ትከሻ ይደርሳል። በዛፉ ላይ ሦስት ቀንድ ያለው እስስት ይገኛል፤ ቀንዱም እውነተኛ ቀንድ ይመስላል። ማታ በ2651 ሜትር ላይ በኒያቢታባ ጎጆ ያድራሉ፤ ሌሊቱን የዛፍ ሽኮኮ ይጮኻል። ይህን ጩኸት ያላወቀ መንገደኛ ሰው እየታነቀ ነው ብሎ ቢነሣ አይፈረድበትም።

በሁለተኛው ቀን ቀርከሃው ይመጣል፤ ከዚያም የአስታው ደን። አስታን ያላየ ከእኛ መካከል የለም፤ በስሜንም በባሌም እንደ ቁጥቋጦ ይበቅላል፥ በባሌ ግን ትልቅ ዛፍ የሚሆንበት ስፍራ አለ። በሩዌንዞሪ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ጠማማ ግንዱም ከሥር እስከ ጫፍ በዛፍ ሽበት ተሸፍኗል። ሽበቱ እንደ ሽማግሌ ጢም ከቅርንጫፉ ይንጠለጠላል፤ ውሃም ይንጠባጠብበታል። መሬቱም ዐለት ይሁን የወደቀ ግንድ ወይም ባዶ ጉድጓድ አይለይም፥ ምክንያቱም ሁሉን አንድ ዓይነት ለስላሳ ሽበት ሸፍኖታል። መሬት መስሎት የረገጠ ሰው እስከ ጭኑ ይገባል። ምርኩዝ እዚህ ላይ ከዓይን ይሻላል።

ሦስተኛው ቀን የማጥ ቀን ነው። ከጆን ማቴ ጎጆ በላይ (3414 ሜትር ላይ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ተራራ ወጪዎችን ይረዳ ከነበረ የአገሩ ተወላጅ ነው) ቢጎ የሚባለው ረግረግ ይዘረጋል። በረግረጉ ውስጥ ሣሩ በጉብታ በጉብታ ሆኖ ይበቅላል፤ መንገደኛው ከጉብታ ወደ ጉብታ ይዘላል፤ ጉብታውን የሳተ እስከ ጉልበቱ ይጠልቃል። ዛሬ በብዙው ስፍራ ሳንቃ ተዘርግቷል፤ የቀደሙት ግን ሳንቃ አልነበራቸውም፥ ሸክም ግን ነበራቸው። ተሸካሚ በራሱ ላይ ሣጥን ተሸክሞ ከጉብታ ወደ ጉብታ ሲዘል በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ጐበዝ የሚባለው እንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ዛሬም ቢሆን ለዚህ ስፍራ የሚመረጠው ጫማ ውድ የቆዳ ጫማ ሳይሆን ተራ የጎማ ቦት ጫማ ነው።

ከረግረጉ በላይ የሚታየው እጽዋት ለዓይን ሐሰት ይመስላል። ጅብራ አለ፤ እርሱን እናውቀዋለን። ከርሱ ጋር ሴኔሲዮ የሚባል ዛፍ ይቆማል፤ ቁመቱ የሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ በራሱ ላይ ትልቅ ጎመን ያስቀመጠ ይመስላል። የሞቱትን ቅጠሎቹን አይጥልም፤ ግንዱን እንደ ገሳ ያለብሱታል፥ ሌሊት ውርጭ እንዳይገድለው ይጠብቁታል። ቀን በጋ፥ ሌሊት ክረምት በሚሆንበት በምድር ወገብ ከፍታ ላይ ይህ መልካም ዘዴ ነው።

በአራተኛው ቀን ዐለቱ ይጀምርና በ4541 ሜትር ላይ ኤሌና ጎጆ ይደረሳል። የእኛ ራስ ዳሸን ያህል ከፍታ ነው፤ በእርሱ ከፍታ ላይ አድሮ ገና ሌላ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ መውጣት ይቀራል። አየሩ ሳስቷል፤ ራስ ያምማል፥ ምግብ አይወደድም፥ እንቅልፍም አይመጣም። ሕመሙ ከጠና መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ መሪው ውረድ ሲል የሚከራከር ሰው ሞኝ ነው። ጉዞው ሳይነጋ ይጀመራል። ከጫማ ሥር የብረት ጥርስ ታስሮ፥ ሰው ከሰው በገመድ ተያይዞ፥ በበረዶ ግግር ላይ ይወጣል። ደመናው ከከፈተ ኮንጎ በአንድ ወገን፥ ዩጋንዳ በሌላው ይታያል። ካልከፈተ የሚታየው የፊተኛው ሰው ጀርባ ነው፤ ካነበብናቸው ብዙዎቹ ያገኙት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ወደዚህ ጫፍ መጀመሪያ የወጡት ሰዎች በመጻሕፍት በስም ተጽፈዋል። ከ1889 ጀምሮ ብዙዎች ሞክረው ነበር። የስታንሊ መኰንን ስቴይርስ ከ3200 ሜትር በላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ሽቱልማን በ1891 ከዚያ ከፍ ብሎ ወጣ፤ በ1906 ጥር ደግሞ ግራውወር የተባለ ኦስትሪያዊ ከሁለት ሚሲዮናውያን ጋር በረዶው ላይ ደረሰ። ዋናውን ጫፍ ግን በዚያው ዓመት ሰኔ 18 ቀን የረገጠው የኢጣልያ መስፍን፥ የአብሩዚው ሉዊጂ አሜዴኦ ነው። ከአልፕስ ተራሮች ያመጣቸው ሦስት ሰዎች፥ ፔቲጋክስ፥ ኦሊዬና ብሮሼሬል አብረውት ነበሩ። ከኢንቴቤ ጀምሮ በመቶ የሚቈጠሩ ተሸካሚዎች ጓዙን አምጥተውለታል። በተራራው ውስጥ ደግሞ ባኮንጆዎች ተረከቡት፤ ዋና ሰፈሩንም ቡጆንጎሎ በሚባል አዳኞች በሚያውቁት ትልቅ ዐለት ሥር አደረገ።

መስፍኑ ስለ አገራችን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በ1928ና በ1929 የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ከምንጩ ጀምሮ ተከትሎ አጥንቶታል። አገሩ በ1935 በአገራችን ላይ ያደረገችውን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ እርሱ ግን በ1933 ሞቶ ስለ ነበር፥ ይህን በእርሱ ላይ ለመቍጠር አልፈለግንም። ብርቱ ሰው ነበር፤ ካርታውም ጥሩ ካርታ ነው። የምንከራከረው በካርታው ላይ በጻፋቸው ስሞች ነው።

ካርታውን ስንመለከት አንድ ነገር አስተዋልን። ከታች ተነሥታችሁ ስትወጡ ሙቡኩ፥ ኒያቢታባ፥ ቡጁኩ፥ ቢጎ፥ ቡጆንጎሎ፥ ኪታንዳራ እያላችሁ ነው፤ ሁሉም የአገሬው ስም ነው። በረዶው ሲጀምር ስሙ ይለወጣል፤ ስታንሊ፥ ስፒክ፥ ቤከር፥ ኤሚን፥ ጄሲ፥ ሉዊጂ ዲ ሳቮያ። ጫፎቹም ማርጌሪታና አሌክሳንድራ ናቸው፤ አንዷ የኢጣልያ ሁለተኛዋ የእንግሊዝ ንግሥት። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በተራራው ጫፍ ላይ የቆመው ሉዊጂ ብቻ ነው፤ እርሱም ያን ተራራ ቶምሶን ብሎ ሰይሞት ሳለ በሎንዶን ያለው የጂኦግራፊ ማኅበር ነው በእርሱ ስም ይጠራ ያለው። ባኮንጆዎች እግራቸው በለመደበት ስፍራ ስማቸው ቀርቶላቸዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሌላ ሆነ። ግማሾቻችን «በወጡበት ስፍራ ስም ቢያወጡ ምን ነውር አለው?» አሉ። ግማሾቻችን «ተራራው ከሩቅ የሚጠራው በሥሩ በሚኖሩት ዘንድ ነው፤ ስምም ለመስጠት መውጣት አያስፈልግም» ብለን መለስን። ክርክሩ አልተፈጸመም።

ነገር ግን ስሙ የተሰጠው በረዶ ራሱ እየሄደ ነው። በ1906 በስድስቱ ተራሮች ላይ ስም ያላቸው 43 የበረዶ ግግሮች ነበሩ፤ ስፋታቸው በድምሩ 7.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ2005 ግግር የቀረው በሦስቱ ተራሮች ላይ ብቻ ነበር፤ ስፋቱም ወደ 1.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር። ከመስፍኑ ጋር የሄደው ፎቶግራፍ አንሺ ቪቶሪዮ ሴላ ያነሣቸው ሥዕሎች ዛሬ ምስክር ሆነዋል፤ ከአንድ ስፍራ ቆሞ አሁን የተነሣው ሲተያይ፥ በረዶ የነበረበት ዐለት ሆኖ ይገኛል። ግግሩ ወደ ታች ስለ ሰመጠም የቀድሞው መንገድ ተቋርጦ መሪዎች መሰላል የሚያቆሙበት ስፍራ አለ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2021 ባወጣው ጽሑፍ የአፍሪቃ ግግሮች በ2040ዎቹ ይጠፋሉ ብሎ ገምቷል። እዚህ ከፊታችን የተቀመጡት የሰባተኛ ክፍል ወንድሞቻችን ያን ጊዜ ጐልማሶች ይሆናሉ።

ይህን ስንሰማ የፈራነው ለውሃ ነበር፤ የተራራው ወንዞች በኤድዋርድና በአልበርት ሐይቆች በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይገባሉና። ነገር ግን ሊቃውንት በተራራው ግርጌ ወንዙን ለክተው ከግግሩ የሚመጣው ውሃ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ እንደማይሞላ አግኝተዋል። በጥሊሞስ ዓባይን ያጠጣል ያለው በረዶ እንግዲህ ዓባይን አያጠጣም። የሚያጠጣው ዝናሙ ነው፤ ዝናሙንም ተቀብሎ ቀስ እያለ የሚለቀው መንገደኛው የሚረግመው ያ ሽበት፥ ያ ማጥ፥ ያ የአስታ ደን ነው። ወደ ጫፉ ሲቸኩሉ እንቅፋት ብለው የጻፉት ሁሉ ውሃውን የሚጠብቀው እርሱ ሆነ። ዩጋንዳ በ1991 ተራራውን ብሔራዊ ፓርክ አድርጋዋለች፤ በ1994 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ1997 እስከ 2001 በሽፍቶች ጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ከባድ ዝናም ሲጥል ግን ደኑም አይችለውም፤ በ2013ና በ2020 የኛምዋምባ ወንዝ ሞልቶ ኪሌምቤን አጥለቅልቆ ሆስፒታሉን ጭምር ጐድቷል።

ለባኮንጆ ሽማግሌ ግን የውሃው ቍጥር መልስ አይሆነውም። በረዶው ለእርሱ የኪታሳምባ ቤት ነው፤ የአገሩም ስም ከዚያ የወጣ ነው። በረዶ የሌለበትን ተራራ የበረዶ አገር ብለው ይጠሩት ይሆን፥ ወይስ ሌላ ስም ያወጡለት ይሆን? ይህ ጥያቄ በጂኦግራፊ ፈተና አይመጣም፤ እኛ ግን ለመምህራችን አቅርበነው እርሳቸውም «ጠብቃችሁ እዩ» ብለውናል።

ካርታውንና ከሴላ ሥዕሎች አንዱን አስመስለን የሣልነውን በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ሰቅለነዋል። ሥዕሉን የሣለው ጓደኛችን ሴኔሲዮውን ከሰው አብልጦ እንዳስረዘመው ትታዘቡ ይሆናል፤ አላጋነነም።